ቡና ማስጫው ላይ የወደቀው መቺ

አሮን የወደቀው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መቶ ሰማንያ ሰው እያየው ነው። ለመርማሪ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። አንድ ሰው ያየውን አንድ ሰው ይመሰክራል፤ መቶ ሰማንያ ሰው ባየው ላይ ግን ያላዩትም ይመሰክሩበታል።

ቦታው ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለ የግል ቡና እርሻ ነው። በለቀማ ወራት ቀይ ቡና የሚሰጣበት ሰፊ የሲሚንቶ ወለል አለው። ወሩ መጋቢት ስለነበር ወለሉ ባዶ ነው፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የክሪኬት ሜዳ ይሆናል። ጨዋታውን ያመጣው እርሻው ላይ አራት ዓመት የሠራ ህንዳዊ የግብርና ባለሙያ ነው። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የእንጨት መምቻ፣ አንድ ሄልሜትና ድንጋይ የመሰሉ ስድስት ቀይ ኳሶች ትቶ ሄደ። ሌላው ሰው ሲሄድ ትዝታ ይተዋል፤ እሱ የተወው ደንብ ነው። የእርሻው ሠራተኞች አንድ ቡድን አቋቋሙ። ሚዛን ተፈሪ ያሉ የነጋዴ ልጆች ይህን ሰምተው ሌላ አቋቋሙ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይጋጠማሉ።

በዚያ እሁድ ጠዋት ሚዛኖች የመምታት ተራቸውን ጨረሱ። ከምሳ በኋላ ተራው የእርሻው ሆነና የመጀመሪያው መቺ አሮን ገባ። የሃያ ስድስት ዓመት ትራክተር ነጂ ነው። የሚዛኑ ወርዋሪ ካሊድ ከሩቅ ሮጦ መጥቶ ወረወረ። ኳሱ ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ ተነሣ። አሮን በመምቻው በመመከት ፈንታ ፊቱን አዞረ፤ ኳሱ ሄልሜቱን መታው። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ሦስተኛውን የሚጨምር መሰለና በጉልበቱ ተቀመጠ። ከዚያ አልተነሣም። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ካሊድን ከሕዝቡ እጅ ያወጣው የፖሊስ ፒክአፕ ነው። እዚያው ጭኖ ጣቢያ አስገባው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአርባ ስምንት ሰዓት ቆጠራ ጀመረ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወይ ፍርድ ቤት ይቀርባል ወይ ይለቀቃል።

*

ዋና ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ደረሰች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን እንኳ አይታው አታውቅም።

«እንዴት ነው ጨዋታው?» አለች ሳጅን በላይነህን።

«አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ።»

«ሌሎቹ ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው።»

«የኛ መሥሪያ ቤት ነዋ።»

በላይነህ ሳቁን ዋጠ። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ጅማ ተልኳል። ወለሉ ላይ የቀረው ሄልሜቱና አንዱ መምቻ ነው። ወሰንየለሽ ሄልሜቱን አነሣችና አዞረችው። ከኋላ በኩል አዲስ ጭረት አለ፤ ኳሱ የነካው እዚያ ነው። ስንጥቅ ግን የለውም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ትንሽ ቆየች።

«አሽትተው» አለች።

«ላብ ነው።»

«ከላቡ ሥር።»

በላይነህ ደግሞ አሸተተ። «ቅቤ ነው። የበሰለ ቅቤ።»

«ጠዋት የሚዛን ልጆች ይህንኑ ሲያጠልቁ አንድ ሰው ቅቤ ሸተተኝ ብሏል?»

በላይነህ ሊጠይቅ ሄደና ተመለሰ። «ማንም አላለም። ጠዋት ንጹሕ ነበር ይላሉ። ከምሳ በኋላ ያጠለቀው አሮን ብቻ ነው።»

«ጎልማሳ ሰው ለግጥሚያ ቀን ቅቤ ተቀብቶ ይመጣል?»

«ለፀጉር ይሆናላ።»

«በዚህ ሙቀት» አለች ወሰንየለሽ።

*

የቡድኑ አምበል ተረፈ የእርሻው መጋዘን ኃላፊ ነው። ሁሉን ነገር በቁልፍ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ ሐዘኑንም ጭምር። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ አገኘችው።

«ሆን ብሎ ነው የገደለው» አለ። «ባለፈው ሳምንት ሚዛን መናኸሪያ ተገናኝተን፣ ‹እሁድ ራሱን ነው የማገኘው› ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ኳሱም የኛ ኳስ አይመስለኝም። ይከብዳል። ውስጡ ብረት ከተው ይሆናል።»

ወሰንየለሽ በኤግዚቢት የተያዘውን ኳስ ከላስቲኩ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ የቡና ናሙና የምትመዝን ትንሽ ሚዛን አለች። መቶ ስድሳ ግራም። ከሳጥኑ ሌላ አንሥታ አስቀመጠች፤ መቶ ስድሳ አንድ።

«የሚከብደውስ የሳጥኑ ነው» አለች።

ተረፈ ሚዛኗን እንደ ከዳችው ወዳጅ አያት።

«ስንት ኳስ ነበራችሁ?»

«ስድስት።»

«ሳጥኑ ውስጥ አራት አሉ። አንዱ እኔ ጋ ነው።»

«አንዱ ጠፍቷል። ወር ይሆነዋል። አሮን ራሱ መትቶ ቡናው ውስጥ ከተተው፣ ራሱ ፈልጎ አጣሁት ብሎ ተመለሰ።»

«የምትለማመዱት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ። ያለፈው ቅዳሜ ግን ሜዳውን ስናጥብ ዋልን፤ ኳስ አልነካንም። ዕቃው በቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ከኔ እጅ አይወጣም። ሄልሜቱም እሁድ ጠዋት ነው የወጣው።»

*

ካሊድ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ከጅማ የመጡ ናቸው፤ ሚዛን ውስጥ የእህል ሱቅ አላቸው። እናቱ ዘይቱ ጣቢያው በር ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ፖሊሶቹ አንዴ ሂጂ ብለዋት ነበር፤ ምሳ አቅርባላቸው ዝም አሰኘቻቸው።

«መናኸሪያ ምን ብለህ ነበር?»

«ራሱን ነው የማገኘው ብያለሁ» አለ ካሊድ። «አልክድም። ተረፈ ‹ልጁን አትችለውም› ሲለኝ ምን እንድል ነበር? እግዜር ያግዘው ልበል?»

«አሮንን ትጠላው ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን እንዴት ከጨዋታ እንደማስወጣው ሳስብ ነው የምተኛው። የሚጠሉትን ሰው እንደዚያ አያስቡትም።»

እያወራ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች፣ ሌባ ጣቱንና መሐል ጣቱን፣ በአውራ ጣቱ ያሻል። የሁለቱም ጣቶች ውስጠኛ ጎን ጠንክሮ ነጭ ሆኗል።

«ምንድነው ጣትህ?»

«የኳሱ ስፌት ነው። በሁለቱ መሐል ስለሚይዙት፣ ሲወጣ እየላጠ ይሄዳል። ወርዋሪ ሁሉ ይኸው ነው።»

ስልኩ ከመወሰዱ በፊት የመጨረሻ ያነበበውን በላይነህ አይቶታል፤ ክሪኬት ሲጫወቱ በኳስ ተመትተው ስለሞቱ ሰዎች ነበር። ለዐቃቤ ሕግ ጥሩ ነገር ይመስላል። ወሰንየለሽ ጠየቀችው።

«ፒክአፑ ላይ ነው ያነበብኩት» አለ። «ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ። አንዳንዱ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ተነሥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ቆይቶ ከቀናት በኋላ።»

«ለምን አነበብከው?»

«እኔን የሚመስል ሰው ፈልጌ ነው። የሞተው ሁሉ ስሙ፣ ዕድሜው፣ አገሩ አለ። የወረወረው ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም።»

ወሰንየለሽ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፤ «ከቀናት በኋላ።»

*

በዚያው ሰኞ የአሮን እህት ትሕትና ቃሏን ልትሰጥ ጣቢያ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚያው እርሻ አዳራሽ ውስጥ ብልሹ ፍሬ የምትለይ ቡና ለቃሚ ናት። ዘይቱ በር ላይ ተነሥታ «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» ብትላት እንዳልሰማች ሆና አለፈቻት።

«ካሊድ ነው የገደለው። መቶ ሰማንያ ሰው አይቷል። ይጻፍልኝ።»

«ይጻፋል። ወንድምሽ ከእሁድ በፊት አሞት ያውቃል?»

«ጤነኛ ነበር።»

«ራሱን አላመመውም?»

«ጤነኛ ነበር አልኩ። ካሊድ ነው። ለምን እሱን ትታችሁ የኛን ቤት ትጠይቃላችሁ?»

ወሰንየለሽ ቃሉን ጽፋ ሰጠቻትና ትሕትና ፈረመች። ስክሪብቶውን ስታስቀምጥ ኢንስፔክተሯ እጇን አየች። ሁለት ጣቷ በጎን ጠንክሯል። ቡና ለቃሚ ነች፤ የለቃሚ ጣት ቢጠነክር ማንም አይገረምም። ወሰንየለሽም አልተገረመችም፤ ግን ከምሳ በኋላ ወደ እርሻው ተመልሳ ለቀማ አዳራሹ ገባች።

አርባ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከጤናው ይለያሉ። በዕድሜ ጠና ያለችዋ፣ የዓለምዘርፍ የምትባል፣ ቀና አለች።

«እህቴ፣ እጅሽን ላየው?»

«ልታጋቢኝ ነው?»

«ምርመራ ነው።»

«እንግዲያው ግራውም ይኸው።»

ጠንካራው ቆዳ የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚቆነጠርበት ቦታ። መሐል ጣቷ እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ ነበር። ወሰንየለሽ የሌሎች የስድስት ሴቶችን እጅ አየች። ሁሉም ጫፉ ላይ ነው።

«የኛን እጅ ፖሊስ አይቶ አያውቅም» አለች የዓለምዘርፍ ለጓደኞቿ፤ «ደግሞ እኮ አመሰገነች።»

*

አሥር ሰዓት ላይ ከጅማ ሐኪሙ ደወለ።

«የእሁዱ ኳስ ቆዳውን እንኳ አልላጠም» አለ። «ሄልሜቱ ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ከግራ ጆሮው በላይ፣ ፀጉሩ ውስጥ፣ ወደ አረንጓዴ የሄደ ሰንበር አለ። ከሥሩ፣ ከአጥንቱ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል። የዚያ ቀን ደም አይደለም፤ የሁለት የሦስት ቀን ነው። ቀስ እያለ ሲሞላ ነው የቆየው።»

«በምን ተመታ?»

«ድፍንና ክብ በሆነ ነገር። ጡጫ የሚያህል።»

«ራሱ ላይ ቅቤ ነበረ?»

«ነበረ። እንዴት አወቁ?»

«አሽትቼ። ዶክተር፣ ዓርብ ሐኪም ቤት ቢሄድስ ኖሮ?»

«እንደዚህ ያለውን ጥያቄ ለቤተሰብ አንመልስም።»

«እኔ ቤተሰብ አይደለሁም።»

«እንግዲያው፣ ዕድል ነበረው።»

ስልኩን ስታስቀምጥ በላይነህ አፍጥጦ ያያታል። ነገረችው።

«ታዲያ ካሊድ አይደለም» አለ።

«አይደለም። ግን ‹አይደለም› ብዬ ብለቀው ማን ያምነኛል? መቶ ሰማንያ ሰው አይቷል። ማን እንደሆነ ካልነገርኳቸው ሐኪሙንም እኔንም ሚዛኖች ገዙን ነው የሚሉት።»

*

ማክሰኞ ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። እናትየው ዓለምሸት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወሰንየለሽ አጠገባቸው ዝቅ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። አሮን ራሱን ያመመው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓርብ ጠዋት» አሉ ሳያመነቱ። የሚደብቁት ነገር እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበሩም። «ምች ነበር የመታው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትራክተር ሲነዳ ይውላል። ቅዳሜ አስታወከው። ዳማ ከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ በአፍንጫውም አስሸተትኩት። ቅቤ ራሱ ላይ አደረግኩለት። እሁድ ቀለለኝ ብሎ ወጣ።»

ምች ያልያዘው ሰው በዚያ አገር የለም። ራስ ካመመና ካስመለሰ ምች ነው፤ ለምች ዳማ ከሴ ነው፤ አብዛኛውም ሰው በማግሥቱ ይነሣል። ወሰንየለሽ ራሷ በልጅነቷ ስንት ጊዜ ተጨምቆላታል።

«ቅቤውን ሲቀቡት ራሱ ላይ እብጠት ነገር አላገኙም?»

«ከግራ በኩል ሲነካ ‹እሱን ተይው፣ እሱ ነው የሚያመኝ› አለኝ። ተውኩለት።»

«ሐሙስ ማታ የት ነበር?»

«ሐሙስ? ከሥራ ገባ። ከእህቱ ጋር ጓሮ ነበሩ። ሲመሽ ገቡ፣ እራት በሉ።»

«ጓሮ ምን ይሠራሉ?»

«እንጃ። ሁልጊዜ ጓሮ ናቸው። ይሳሳቃሉ።»

*

ከቤቱ ኋላ፣ በእንሰቱና በቡናው መሐል፣ ሣር ያልበቀለበት ጠባብ መንገድ ነበር። የትም አይወስድም። በአንደኛው ጫፉ አፈር የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፤ ፊቱ ሁሉ ጎድጉዷል። በሌላኛው ጫፍ መሬቱ የተረከዝ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ አበጅቷል፤ አንድ ሰው ሮጦ እየመጣ ደጋግሞ ያረፈበት ቦታ። ጉድጓዱ ትንሽ ነው። የሴት እግር ይሞላዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ትሕትና ከኋላዋ።

ወሰንየለሽ ዘወር አላለችም። «ኳሱ የት ነው?»

«ሽንት ቤት ጣልኩት። እሁድ ማታ።»

«ንገሪኝ።»

«ካሊድን ነበር የሚፈራው። በቡድኑ ውስጥ እንደ ካሊድ የሚወረውር የለም፤ ሌሎቹ ቀርፋፎች ናቸው። ኳሱን ጠፋ ብሎ አመጣው። እኔን አስተማረኝ። ሴት አያጫውቱም፣ ስለዚህ ለማንም አልነገርንም። በኋላ ከሁሉም ፈጠንኩ። ደስ ይለው ነበር። ሐሙስ ‹ከዚህ ይፈጥናል፣ እንደ ካሊድ ወርውሪ› አለኝ። ወረወርኩ። ጠጠር ነክቶ ተነሣ። ሄልሜት የለውም፤ ተረፈ ቆልፎበታል።»

«ወደቀ?»

«ቁጭ አለ። ሳቀ። ‹አሁን ገና ካሊድን መሰልሽ› አለኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለ፤ ከነገርሻት እሁድ አልጫወትም አለኝ። በእምነታችን አንምልም፤ ቃል ሰጠሁት። ቅዳሜ ሲያስመልሰው በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እማዬ ምች ነው ስትል እኔም ምች ነው አልኩ። ምች ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«እሁድስ?»

«ካሊድ ሲወረውር ቆሜ ነበር። አሮን ፊቱን ሲያዞር አየሁት። ፊት አያዞርም እሱ፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ኳሱ አልታየውም። ያን ጊዜ አወቅኩ።» ጀሪካኑን አየችው። «ከዚያ ሰው ሁሉ ‹ካሊድ ገደለው› ብሎ ጮኸ። እኔም አብሬ ጮህኩ። እየጮህኩ ሳለሁ እውነት መሰለኝ።»

ወሰንየለሽ ለማስታወሻ ደብተሯ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ተወችው።

«ጨዋታ ላይ በደረሰው ማንም አያስርሽም» አለች። «ሰውን ያላደረገውን አደረገ ብለሽ መፈረምሽ ግን ጥፋት ነው። ዛሬ ራስሽ መጥተሽ ካቃናሽው፣ ዐቃቤ ሕጉን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«ዓርብ ተናግሬ ቢሆን ይድን ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ለተጠርጣሪ ብዙ ዋሽታለች፤ የተፈቀደም ነው። ለዚህች መዋሸት ቀላል ነበር።

«ዕድል ነበረው» አለች። «ዕድል ነው ያልኩሽ፤ ይድን ነበር አላልኩም። እናትሽም ቅቤውን ሲቀቡ እብጠቱን ነክተዋል። እሱም ያውቅ ነበር። አንቺ ብቻሽን አልነበርሽም።»

*

ስድስት ሰዓት ላይ ካሊድ ተፈታ። እናቱ ካርቶኗን አጥፋ ቆመች። እሱ ግን ከጣቢያው ደረጃ አልወረደም።

«ነፃ ነህ» አለው በላይነህ።

«ወዴት?»

«ቤትህ ነዋ።»

«ቤቴ ሄጄ ምን ልሁን? ሰው ጤፍ መዝንልኝ ብሎ መጥቶ ሚዛኑን አይደለም፣ እጄን ነው የሚያየው። የናንተን ወረቀት ሱቁ ላይ ልስቀለው? ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። ሰው የሞተበት እጅ ድንኳን አይገባም፣ መጀመሪያ በሽማግሌ መታረቅ አለበት አሉኝ። እስከ መቼ? ቴፒ ላይ መኪና ሲቆም ልደበቅ ነው?»

ትሕትና በዚያው ሰዓት አዲሱን ቃሏን ፈርማ ከቢሮ ትወጣ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ወሰንየለሽ ልታዛት አትችልም፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገር በሕግ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማ ጫማዋን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ና» አለችው ለካሊድ። «ለቅሶ እንሂድ።»

*

ድንኳኑ ሞልቷል። ካሊድ በሩ ላይ ሲታይ ዘማሪዎቹ በየተራ ዝም አሉ። ተረፈ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሌሎች ሦስትም ተነሡ። በላይነህ ቀበቶውን አስተካከለ። ወሰንየለሽ በእጇ ተው አለችው።

ትሕትና በሰዉ መሐል አልፋ ፍራሹ ፊት ቆመች። ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ግን ድንኳኑ ጸጥ ብሏል።

«እማዬ፣ ካሊድ አይደለም። ሐሙስ ጓሮ ነው የተመታው። የመታሁት እኔ ነኝ። ምች አልነበረም። አውቅ ነበር፤ አልነገርኩሽም።»

ተረፈ «ምን እያለች ነው?» አለ። ወሰንየለሽ ከኋላ «እውነቷን ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል» አለች። ተረፈ የሚቆልፈው ያጣ ሰው መስሎ እጁን ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።

ዓለምሸት ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ልጅ አዩ። ዝናብ የጣለ ይመስል በድንኳኑ ላይ የቅጠል ድምፅ ይሰማል።

«አንተ ነህ ካሊድ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጨዋታውን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። አይገባኝም። እሁድ ሥራ አለብኝ እላለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ታውቃለህ። ልጄ ጎበዝ ነበር?»

ካሊድ ቀና አለ።

«እኔ የምፈራው እሱን ብቻ ነበር» አለ።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲጠብቅ የቆየውን ዕቃ እንደተቀበለ ሰው። ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉና በቀኛቸው ባዶውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ግባ። እዚህ ቁጭ በል።»

ከዚያ ቀና ሳይሉ ነጠላቸውን በግራ በኩል ሰበሰቡ።

«አንቺም ነይ። ቆመሽ አታልቅሺ፤ ይደክምሻል።»